ሳይነሳ የሚታጠብ ፎቶ

ፎቶ በአማርኛ ሁለት ግስ አለው፤ ይነሳል፣ ይታጠባል። የፊልም ዘመን ሰው የክት ልብሱን ለብሶ «ፎቶ ተነስቼ መጣሁ» ሲል ነገሩ ገና ግማሽ ነበር። ፊልሙ እስኪያልቅ ይጠበቃል፣ ካለቀም በኋላ እስኪታጠብ ይጠበቃል። የሚገርመው፣ ዛሬም ከስልኩ የመረጠውን ምስል በወረቀት ለማውጣት የሚሄድ ወጣት «ፎቶ ላሳጥብ ነው» ይላል። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ቀለም የሚረጭ ማተሚያ ነው፤ የእጥበት ውሃ የለበትም። ውሃው ቀርቶ ቃሉ ቀጠለ።

እዚህ የምንዳስሰው የመጀመሪያው ግስ የጎደለውን ነው፦ ሳይነሳ የሚታጠበውን። ካሜራ የለም፣ ሌንስም የለም። ብርሃን የሚለውጠው ወረቀት ላይ ቅጠል ወይም ቁልፍ ወይም መረብ ያኖሩበታል፤ ብርሃን ያሳዩታል፤ ያጥቡታል። ፎቶግራም ይባላል። ጥያቄዬ ጋምቤላን የሚመለከት ነው፦ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ፀሐይ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ይህን ሥራ ልጀምር የሚል ሰው ቢኖር የትኛው መንገድ ያዋጣዋል? ስለ ፎቶግራም የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ወደ ጨለማ ክፍል ይጠቁማሉ። እኔ ወደ ደጁ አደላለሁ። ምክንያቴን ለመናገር ግን መጀመሪያ ጨለማው ውስጥ መግባት አለብን።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀይ አምፖል ብቻ ይበራል፤ ጥቁርና ነጭ የፎቶ ወረቀት ለቀይ ብርሃን ዕውር ነውና። የወረቀቱ ገጽ ጄላቲን የተቀባ ነው፤ ጄላቲኑ ውስጥ የብር ጨው አለ (ብር ስል ማዕድኑን ነው፤ የኪሱ ብር በኋላ ይመጣል)። ዕቃውን ያኖሩበትና ነጭ መብራት ለጥቂት ሰከንድ አብርተው ያጠፋሉ። ወረቀቱ አሁንም ባዶ ነው። ዴቬሎፐር ውስጥ ሲጠልቅ ግን ብርሃን ያገኘው ጨው ወደ ጥቁር ብርነት ይለወጣል፤ ዕቃው የጋረደው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ሥራውን የሚያስቆመው አሲድ ይከተላል፣ ቀጥሎ ያልተነካውን ጨው አሟሙቶ የሚያወጣው ፊክሰር፣ በመጨረሻም ረጅም የውሃ እጥበት።

«ጥላው ይከብዳል» የምንለው ሰው እዚህ ክፍል ቢገባ ግራ ይጋባል። ፎቶግራም ላይ ከሁሉ የከበደው ጥላ ከሁሉ የነጣው ነው። ቀጭን ነገር፣ ለምሳሌ የዓሣ ክንፍ ወይም የሽንኩርት ልጣጭ፣ ብርሃኑን በከፊል እያሳለፈ ግራጫውን በየደረጃው ይሰጣል። መጠንም አይዋሽም፤ ሦስት ጣት የሆነ ቅጠል ሦስት ጣት ሆኖ ይወጣል። ኔጌቲቭ ስለሌለው ደግሞ እያንዳንዱ ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ቅጂ የሚፈልግ እንደገና ዕቃውን ያምጣ።

የዚህ ሥራ ታሪክ የእጥበት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1802 ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው ኬሚስት የወዳጁን የቶማስ ዌጅውድን ሙከራ በጽሑፍ አወጣ። ዌጅውድ በብር ናይትሬት የተነከረ ወረቀትና ነጭ ቆዳ ላይ ቅጠልና የነፍሳት ክንፍ እያኖረ ጥላቸውን ይቀዳ ነበር። ማጠቢያው ግን ጠፋ። ምስሉን በሻማ ብርሃን ሰረቅ አድርጎ ማየት ይቻላል፤ ቀን ላይ ካወጡት ሁሉም ይጠቁራል። ጆን ሄርሼል በ1819 ሃይፖ የሚባለው ጨው የብርን ጨው እንደሚያሟሟ ደርሶበት ነበር፤ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1839፣ ለፎቶ ማጠቢያነት አዋለው። ያን ጊዜ ነገሩ ተፈታ። ይኸው ሰው በ1842 ብር የማይፈልግ፣ በብረት ጨው የሚሠራ ሰማያዊ ሕትመት አገኘ፤ ሳያኖታይፕ ይባላል። በዓመቱ አና አትኪንስ የምትባል እንግሊዛዊት የአገሯን የባሕር አልጌ አንድ በአንድ በዚህ ወረቀት ላይ እያኖረች፣ በፀሐይ እያተመች መጽሐፍ ማውጣት ጀመረች። በፎቶ የተሠራ የመጀመሪያው መጽሐፍ እየተባለ የሚጠቀሰው እሱ ነው፤ አንድም ካሜራ አልነካውም።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ማን ሬይ ፓሪስ ላይ፣ ሞሆሊ ናጊ ጀርመን ላይ ፎቶግራምን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ መሣሪያ አደረጉት። ስለ እነሱ በየቋንቋው ብዙ ተጽፏል፤ አልፋቸዋለሁ። ለኛ የምትቀርበው አትኪንስ ናት።

በኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ጨለማ ክፍሎች አንዳንዶቹ ድንኳን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ፎቶ አንሺዎች ይዞ መጥቷል፤ ተራራና ሰው ከማንሳት ባሻገር ካርታና ንድፍ ያባዙ ነበር። በኋላም በአዲስ አበባ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የሆነው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን መጣ፤ ልጆቹ ሙያውን ወረሱ፤ ፎቶ ቤቶች በየከተማው ተከፈቱ። የዚያ ሙያ እንጀራ ፊት ነው። ጉርድ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶ። የቁልፍ ጥላ አትምልኝ ብሎ ገንዘብ የሚከፍል ደንበኛ ከየት ይመጣል? ከውጭ የመጣ ወረቀት በማበጠሪያ ጥላ የሚያበላሽ ተለማማጅ ቢገኝ እንኳ አሠሪው በኩርኩም ያስወጣው ነበር። ጨለማ ክፍል ሞልቶ ፎቶግራም ያልተለመደው በሌላ ምክንያት አይመስለኝም።

በስሙ አልተጠራም እንጂ ሳይነሳ የሚታጠብ ፎቶ ግን በመሐላችን ኖሯል። ከሁሉ የቀረበን ራጅ ነው። ቃሉን ከጣሊያንኛ ወሰድነው፣ ትርጉሙም ጨረር ነው፤ አማርኛ ግን በልማዱ «ራጅ ተነሳሁ» ይላል፤ አንድም ካሜራ ሳይኖር። ጨረሩን ያገኘው ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1895 የሚስቱን እጅ ከነቀለበቷ በፎቶ ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ ሲያወጣው የሠራው ፎቶግራም ነው፤ የብርሃኑ ዓይነት ብቻ ተለወጠ። በደረት ራጅ ላይ አየር የሞላው ሳምባ የሚጠቁረው፣ የጎድን አጥንት የሚነጣውም በዚያው ሕግ ነው፤ የከበደው ጥላ ይነጣል። የራጅ ባለሙያዋ «ትንፋሽዎን ያዙ» የምትለው ጥላው እንዳይንቀሳቀስ ነው።

ፎቶ ቤቶች ጨለማ ክፍላቸውን ዘግተው ዕቃ ማስቀመጫ ካደረጉት በኋላም የሆስፒታል ጨለማ ክፍሎች በሥራ ላይ ቆይተዋል። ጠባቧ ክፍል፣ ቀዩ መብራት፣ በብረት ማዕቀፍ ተወጥሮ ከገንዳ ወደ ገንዳ የሚገባው ፊልም፣ የፊክሰሩ የሚጎመዝዝ ሽታ። ኮምፒውተር አሁን እሷንም እያስለቀቃት ነው። ፊልሙ ግን ቤት ድረስ ይመጣ ነበር። ታማሚው በትልቅ ፖስታ ይዞት ይገባል፤ ጎረቤት ተቀባብሎ ወደ መስኮት ያነሳዋል፣ አንድም ነገር ሳይገባው ከንፈሩን ይመጣል። ፀሐይ የተጋረደች ዕለት ደግሞ ያው ፊልም የዓይን መከለያ ይሆናል፤ ሰኔ 14 ቀን 2012 ጠዋት ስንቱ ከአልጋ ሥር አውጥቶት ይሆን። (ዓይንን አይጠብቅም፤ ለቀጣዩ ግርዶሽ ይታሰብበት።)

ሁለተኛው «ብሉ ፕሪንት» ነው። የመሐንዲሱ ንድፍ ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ ይሣላል፤ ያ ወረቀት በሳያኖታይፕ ወረቀት ላይ ተነባብሮ ብርሃን ይመታዋል፤ በውሃ ሲታጠብ መስመሩ ነጭ፣ መደቡ ሰማያዊ ይሆናል። በኋላ አሞኒያ የሚሸት ሌላ ወረቀት ተካው፣ እሱንም ፕሎተር አባረረው፤ ስሙ ግን እስከዛሬ በየቢሮው ይጠራል። ሦስተኛው የቲሸርትና የባነር አታሚዎች ስክሪን ነው። የተወጠረ ወንፊት ጨርቅ ላይ ብርሃን ሲያገኝ የሚጠነክር ሙጫ ይቀባሉ፤ ጥቁሩን ጽሑፍ አስደግፈው ለብርሃን ይሰጡታል፣ አንዳንዱም ደጅ አውጥቶ ለፀሐይ፤ ከዚያ ያጥቡታል። ጽሑፉ የጋረደው ሙጫ ታጥቦ ይሄዳል፤ ቀለሙ በዚያ ያልፋል። የምርጫ ቅስቀሳ ቲሸርት የሚያትም ወጣት የአና አትኪንስ የሙያ ዘመድ ነው ቢሉት ይስቅ ይሆናል። ፎቶ ኮፒ ግን ስሙ አያታልለን፤ ውስጡ መስታወትና ሌንስ አለው፣ ስለዚህ ከካሜራ ወገን ነው።

ወደ ጋምቤላ ስንመጣ «ማንሳት» የሚለው ግስ ሌላውን ፍቺውን ያወጣል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው ውል መነሻነት ባሮ ዳር የተቋቋመች የንግድ ጣቢያ ናት። በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ይደርሱባት ነበር፤ ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 የእንግሊዝ ይዞታነቷ አበቃ። በመርከብ የመጣ ሰው ካሜራ ይዞ ይመጣል፣ ያነሳውን ይዞ ይመለሳል። አንትሮፖሎጂስቱ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ ኑዌሮችንና አኝዋዎችን ሲያጠና ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬ ኦክስፎርድ፣ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ከድንበር ማዶ በመጡ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞች ዘመንም እንዲሁ ነው፤ የመጠለያዎቹ ፎቶ ዓለምን ይዞራል፣ የተነሳው ሰው እጅ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አንድም አይቀርም። አንስተው ሄዱ ቢባል የአማርኛው ድርብ ፍቺ ልክ ይመጣል።

በፎቶግራም የሚነሳ ነገር የለም፤ የሚኖር ነው ያለው። ዕቃው ያለበት ሰው ራሱ አምጥቶ ወረቀቱ ላይ ካላኖረው ሥራው አይጀመርም፤ ሲያልቅም ወረቀቱ እዚያው ነው። ይህን ስል የማጋነን ፈተና አለብኝ፤ ስለዚህ ጉድለቱንም ልናገር። ፎቶግራም ፊት አያውቅም። በኑዌር ወንዶች ግንባር ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚዘልቁትን፣ «ጋር» የሚባሉትን የጠባሳ መስመሮች ሊቀዳ አይችልም፤ የሚቀዳው ዳር ዳሩን ነው። መዳፍ ቢያኖሩበት የመዳፍ ጥላ ይወጣል፤ የየትኛው ብሔር መዳፍ እንደሆነ አይናገርም። በጋምቤላ ይኼኛው ጉድለት መሆኑ ያጠራጥረኛል።

የሚያምርበት ሌላ ነው። የአኝዋን የጥሎሽ ጨሌ፣ ድሙይን፣ ውሰዱ፤ መስታወት ስለሆነ ብርሃኑ በውስጡ እየተሰበረ ያልፋል፣ እያንዳንዱ ፍሬ መሐሉ ላይ የራሱን የብርሃን ነጥብ ይተዋል። የዓሣ መረብ፣ የማንጎ ቅጠል፣ የደንገል ራስ። ከሁሉ በላይ የውሃው አረም፣ እምቦጭ። ጣና ላይ ስሙ ከመነሳቱ ከ30 ዓመት በላይ አስቀድሞ በባሮ፣ በጊሎና በፒቦር ወንዞች ታይቷል። በአየር የተነፋው የቅጠሉ አንገትና እንደ ላባ የተበተነው ሥሩ የተሠሩት ለዚህ ወረቀት ይመስላል። ለዓሣ አጥማጁ ጠላት ነው፤ ለአታሚው ግን የማያልቅና በነጻ የሚገኝ ዕቃ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም እፅዋት ደርቀው፣ ተለጥፈው ይቀመጣሉ፤ አትኪንስ ያንኑ ሥራ በጥላ ነው የሠራችው። የአንድ ወንዝ ዳር ተክሎችን በልካቸው አትሞ መሰነድ ለአንድ የትምህርት ቤት ክበብ የሚከብድ አይደለም።

አሁን ወደ ጨለማው ክፍል እንመለስ፣ ለምን እዚያ እንዳልቆምኩ ይታያልና። የብር ወረቀት ዴቬሎፐር የተለካው ለ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አዲስ አበባ ላይ የቧንቧው ውሃ ከዚያ ብዙም አይርቅም። የጋምቤላ ከተማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይነካል፣ የታንከር ውሃ ለብ ብሎ ይወርዳል። ሙቅ ዴቬሎፐር ይቸኩላል፤ ምስሉ በሰከንዶች ይጠቁርና ከእጅ ያመልጣል። ጄላቲኑም ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጥፍር ሲነካው ይላጣል። የቀድሞ ሰዎች ለዚህ መላ ነበራቸው፤ የሚያጠነክር አሉም ፊክሰሩ ውስጥ ይጨምራሉ፣ ሳህኖቹን በረዶ በያዘ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ያኖራሉ። በረዶ ለመሥራት መብራት ያስፈልጋል፤ መብራት ካለ ደግሞ ማራገቢያው ይሻላል። ክረምት ሲገባ ሌላ ባላጋራ ይመጣል፤ እርጥበቱ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታ ደግሞ ጄላቲን ይበላል። ይህ ሁሉ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ በታፈነ ክፍል ውስጥ መሆኑን አስቡት። የወረቀቱንም ነገር እንጨምርበት። ኮዳክ የጥቁርና ነጭ ወረቀት ማምረት እ.ኤ.አ. በ2005 አቆመ፤ እንደ ኢልፎርድ ያሉ ጥቂቶች ቀጥለዋል፣ ዋጋው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። የኪሱ ብር ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ጨለማ ክፍሉ አይቻልም አልልም፤ እልኸኛ ሰው ሌሊት በቅዝቃዜው ሊሠራው ይችላል። በሚያዝያ አንድ ሌሊት እንኳ ልሞክረው ባይ ግን እኔ አይደለሁም።

ሳያኖታይፕ የሚፈልገው ጋምቤላ የተረፋትን ነው፤ ፀሐይና ውሃ። አሠራሩ አጭር ነው። 25 ግራም ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 10 ግራም ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ይሟሟል፤ ሊሠሩ ሲሉ እኩል እኩል ይቀላቀላሉ። ይህ በርካታ የኤ4 ወረቀት ይቀባል። ለዚህ ጥብቅ ጨለማ አያስፈልግም፤ መጋረጃ የወረደበት ክፍልና ደብዛዛ ቢጫ አምፖል ይበቃል። የሁለተኛው ዱቄት ስም ሲያናይድ ስላለበት ያስደነግጣል፤ እንደዚያ መርዛማ አይደለም፤ ሆኖም እሳት ላይ መጣድ ወይም ከጠንካራ አሲድ ጋር መገናኘት የለበትም፣ ዕቃውም ከወጥ ቤት ይለይ።

ወረቀት ከሌለ አቡጀዲ አለ። ንጹሕ ጥጥ እስከሆነ ድረስ ቀለሙን ይጠጣል፤ አዲስ ከሆነ ግን ሙጫው እስኪለቅ አስቀድሞ ይታጠብ። የተቀባው ጨርቅ ሲደርቅ ቢጫ አረንጓዴ ነው። ዕቃውን አኑረው፣ ቀጭን ከሆነ በመስታወት ተጭነው ፀሐይ ላይ ያወጡታል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የብረቱን ጨው ይለውጠዋል፤ የተለወጠው ከፌሪሲያናይዱ ጋር ተጣምሮ ውሃ የማያሟሟው ሰማያዊ ይሆናል፤ ያልተለወጠው ታጥቦ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ጋምቤላ የአትኪንስ አገር የማያገኘው አንድ ጥቅም አላት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ግድም፣ ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች። ቆሞ ያለ ሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። ሰዓቱም 6 አይደለም፤ አገሪቱ ሰዓቷን የምትቆጥረው ከጋምቤላ ርቆ በምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ፣ እዚያ እውነተኛው እኩለ ቀን ከቀኑ 6:40 ገደማ ነው። ሌላ ቀን ቅል ወይም ቅርጫት ቢያትሙ ጥላው ወደ ጎን ተጎትቶ ቅርጹን ያበላሸዋል፤ ያን ዕለት በዚያ ሰዓት ግን ጥላው ልክ ከዕቃው በታች ይወድቃል። ነሐሴ ደመና ነው፤ ሚያዝያን ያዙ።

ማጠቢያው ባሮ ነው ብሎ በጉጉት የሚሮጥ ሰው ይታገሥ። በክረምት ወንዙ ጭቃ ይዞ ስለሚመጣ ውሃው ጀሪካን ውስጥ አድሮ ቢጠልል ይሻላል። የመጀመሪያው እጥበት ላይ የሎሚ ጠብታ ማከል ፈዛዛውን ሰማያዊ ይጠብቃል፤ አሲድ ይወዳልና። የሚጠላው ተቃራኒውን ነው። በልብስ ሳሙና የታጠበ ሳያኖታይፕ ይገረጣል፤ በረኪና የነካው ሰማያዊነቱን ያጣል። ጥቁር የሚያሰኝ ቀለም የሚወድ ሰው ደግሞ የታጠበውን ጨርቅ በጠንካራ ሻይ ወይም ቡና ውስጥ ይዘፍዝፈው፤ ሰማያዊው ወደ ጥቁር ይሄዳል። የቀድሞዋ ወደብ የምትልከው አንዱ ዕቃ ቡና እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

ዱቄቱን ለማግኘት የተቸገረ ከዚህም የቀለለ አለው። እርድ በአረቄ በጥብጦ ወረቀት መቀባት፣ ቅጠል አኑሮ ፀሐይ ማስመታት። ቢጫው ብርሃን ያገኘበት ይገረጣል፤ ቅጠሉ የሸፈነው ይቀራል። እንዲህ በአበባና በቅጠል ጭማቂ ማተምንም ሄርሼል በዚያው በ1842 አጥንቶታል። ችግሩ የዌጅውድ ነው፤ ማጠቢያ የለውም። ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት ራሱን ይበላል። ለልጆች ግን ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ትምህርት አላውቅም።

ከዘመኑ ሰዎች አንዷን ብቻ ልጥቀስ። ሱዛን ደርጀስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ታው በሚባል ወንዝ፣ በሌሊት ትልልቅ የፎቶ ወረቀት ከውሃው ገጽ ሥር እያስገባች ከላይ በብልጭታ መብራት ትመታው ነበር። ሌሊቱ ራሱ ጨለማ ክፍሏ ነው፤ የወረቀቱ ምስል የሞገዱ ጥላ ነው። ይህ ለባሮ የተሠራ ሐሳብ ይመስላል፤ በበጋ፣ ውሃው ጎድሎ ሲጠራ። እክሉ አንድ ነው፤ ባሮ አዞ አለበት። ወረቀት ይዞ በሌሊት ወንዝ የሚገባ ሰው ካለ የቀኑን ሳያኖታይፕ እመክረዋለሁ፤ ብርሃን በሚያሳልፍ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቶ፣ የተቀባውን ጨርቅ ከሳፋው በታች አንጥፎ፣ ውሃውን በጣቱ እያንቀሳቀሰ ምን እንደሚወጣ ይይ። ሞገዱ ስለማይቆም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ብዥታ ነው፤ ሳፋው ውስጥ የእምቦጭ ሥር ቢያሰጥም ግን እሱ ይነበባል።

ጨርቁ ከእጥበት ሲወጣ የሚያየው ሰው መጀመሪያ ቅር ይለዋል፤ ሰማያዊው ፈዞ፣ ገና ግራጫ ነገር ሆኖ ነው የሚታየው። አየር ያስፈልገዋል። በሲባጎ ላይ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር ይሰጣ፤ ቀለሙ የሚጠልቀው በማግስቱ ነው።